የጧፍ ሰምና የወስፌ ቀዳዳ

ለጃቢ ጠህናን ሕዝብ፣ ለቡሬ ዙሪያ ነዋሪዎችና ጉዳዩ ይመለከተኛል ለሚል ሁሉ፦ በመስከረም ወር አጋማሽ፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ከቁርስ በፊት፣ አባ እጅጉ በጠመንጃቸው አፈሙዝ ላይ የጧፍ ሰም ለጥፈዋል። ሰሙ የሽምብራ ክክ ያክላል። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ባለቤታቸው ሠርክአዲስና አንዲት ዶሮ የተገኙ ሲሆን፣ ዶሮዋ መርሐ ግብሩ ሳያልቅ አቋርጣ ወጥታለች።

ጠመንጃው ባሩዱንም እርሳሱንም በአፉ የሚጎርስ፣ ከአያት የወረደ ነፍጥ ነው። አንዴ ከተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ አውሬው ዘመድ ጠይቆ ይመለሳልና ጎረቤት «ታገሥ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ማነጣጠሪያው ቀላል ነው፤ ከፊት አፈሙዙ ላይ የቆመች የብረት ጉጥ፣ ከኋላ ደግሞ አናቷ የተሰነጠቀ ብረት። ዓይን በስንጥቋ መሐል ጉጧን፣ ከጉጧ በላይ አውሬውን ካየ ነገሩ አለቀ። የፍኖተ ሰላም አዳኞች ጉጧ በጥቁር አውሬ ላይ እንድትነጣ ሰም ይለጥፉባታል። ሰሙ ከቤተ ክርስቲያን ጧፍ የመጣ እንደሆነ እጅ ያረጋል ይባላል። አንዴ ከተለጠፈ ታዲያ መፋቁ ነውር ነው።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ለአንድ ከርከሮ ነበር። ልጃቸው ንጋት ከቡሬ በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን በቆሎ ታለማለች። በዚያ ዓመት አንድ ግዙፍ ከርከሮ ማሳዋን እያረሰ አስቸገረ። የሟች ባሏ ወንድም ናሁሰናይ ክላሽ አለውና እኔ ልጠብቅልሽ፣ የመሬቱን እኩሌታ ስጪኝ አላት። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ከርከሮው እስከ መስቀል በንጋት ወገን ካልተገደለ እኩሌታው የናሁሰናይ ይሁን ብሎ ፈረደ። ወሬው በእህል ነጋዴ አፍ ፍኖተ ሰላም ደረሰ፤ ቡሬ የሞባይል ስልክ ገና ያላየችበት ጊዜ ነበርና።

አባ እጅጉ ብቻቸውን ለመሄድ አስበው ነበር። ሠርክአዲስ ግን ምንም ሳትከራከር ስንቋን ቋጥራ፣ ስፌቷንና ወስፌዋን ሸክፋ በር ላይ ቆመች። ለምን እንደምትሄድ በውል አልነገረቻቸውም። ሁለት ክረምት ሙሉ ባሏ ተኩሰው በሳቱ ቁጥር ባሩዱን ሲረግሙ ሰምታለች፤ ባሩዱ ግን ያው የድሮው ባሩድ ነው።

እስከ ቡሬ በጭነት መኪና፣ በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ነው። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ይወርድባቸው ጀመር። አባ እጅጉ ጋቢያቸውን አውልቀው ጠመንጃውን ጠቀለሉ። ሠርክአዲስ ኩታዋን አውልቃ እሳቸውን ጠቀለለች። እሷን የጠቀለላት የለም፤ እየተንዘፈዘፈች ወረደች።

ፈጠም ወንዝ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እየጎተተ ጠበቃቸው። ሠርክአዲስ የባሩዱን ቀንድ በሻሿ አናቷ ላይ አሰረች፤ መቀነቷን ፈትታ አንዱን ጫፍ በወገቧ፣ ሌላውን በባሏ ወገብ ቋጠረች። መሐል ሲደርሱ ከአባ እጅጉ እግር ሥር ድንጋዩ ተንከባለለ። ውሃው እስከ አንገታቸው ዋጣቸው፤ ከላይ የቀረው ጢማቸውና ታገሥን ያነሣ እጃቸው ብቻ ነበር። መቀነቱ ተወጠረ። ሠርክአዲስ ጉልበቷን ከአለት ጋር አጣብቃ ያዘች።

«ልቀቂኝ! ባሩዱን ይዘሽ ውጪ!»

«ባሩዱ ብቻውን አይተኩስም» አለች ጥርሷን ነክሳ፣ ጎተተቻቸውም።

ከወንዙ ማዶ ከገደሉ የወጡ ዝንጀሮዎች ይከተሏቸው ጀመር። ጎፈሩ ትከሻውን ያለበሰው አውራቸው መንገዱን ዘግቶ ተቀመጠና ጥርሱን አሳየ። አባ እጅጉ አነጣጠሩ። ሠርክአዲስ ያኔ አየች፤ ባሏ ራሳቸውን ወደ ኋላ ሳብ፣ ወደ ፊት ቀረብ፣ እንደገና ሳብ ያደርጋሉ፤ መነጽሩ የጠፋበት መሪጌታ ይመስላሉ። ቆይተው ጠመንጃውን አወረዱና ለዝንጀሮ ባሩድ አላባክንም አሉ። እሷም ከስንቋ ዳቦ ቆርሳ ወደ ገደሉ ወረወረች። አውራው ዳቦውን ተከትሎ ወረደ፤ መንገዱ ተከፈተ።

ንጋት ሮጣ ወጥታ በአባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ከጎጆዋ ጥላ ሥር ናሁሰናይ የግንቦት ሃያ ካናቴራ ለብሶ፣ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ተነሥቶ ጉልበት ሳመ፤ በአክብሮት በኩል የሚታማ ሰው አይደለም። ከዚያ ታገሥን ከላይ እስከ ታች አየው።

«አባ እጅጉ፣ ይኼንን ከከርከሮው ጋር ሊያስታርቁት ነው ያመጡት?»

«የኛ ጠብ ከከርከሮው ጋር ብቻ ነው ብለህ ነው?» አሉት።

ዕለቱን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከርከሮው ወጣ። ጥጃ ያክላል፤ ቀንድ የመሰለ ክራንቻው ጭቃ ለብሷል። አባ እጅጉ ተኮሱ። ጭሱ ሲገለጥ ከአውሬው በስተግራ አንዲት የበቆሎ አገዳ ተቆርጣ ወድቃለች። ከርከሮው አልሮጠም፤ ተራመደ። የናሁሰናይ ሳቅ ከጎጆው በር ተሰማ።

ሠርክአዲስ አፈሙዙን ቀርባ ብታይ፣ የደጋው ሰም በቆላው ፀሐይ በጋለ ብረት ላይ ለዝቦ ወደ ቀኝ ዘሟል። የዘመመ ሰም አነጣጥሮ ወደ ግራ የማይተኩስ የለም። እንደዚያ ያለ ስሕተት የሚሠራው ጧፉን ከደጋ ይዞ የሚወርድ ሰው ብቻ ነው። አባ እጅጉ እጃቸውን ሊያሳርፉበት ፈሩ። እሷ አማተበች፣ ኃጢአቱ በኔ ይሁን አለች፣ በወስፌዋ ፈልፍላ ጣለችው።

አባ እጅጉ ግን አልተጽናኑም። ወደ ጎጆው ጀርባ ዞሩና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጠች። በሹክሹክታ ነገሯት፤

«ሰሙ ብቻ አይደለም፣ ሠርኬ። አውሬውን አየዋለሁ፤ የጆሮውን ፀጉር ሳይቀር አየዋለሁ። የኋላዋ ስንጥቅ ግን ጭጋግ ሆናብኛለች። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ሠርክአዲስ አላዘነችላቸውም፤ ማዘኗን ለኋላ አቆየችው። እሷም መርፌ አጠገቧ ሆኖ ቀዳዳው ከጠፋት ቆይቷል። ያኔ ጣቷን ጠቅልላ በመሐሉ በቀረችው ጠባብ ክፍተት ስታይ መርፌው ጥርት ይልላታል። ምክንያቱን አታውቅም፤ ማወቅም አላስፈለጋትም። ከእርሳስ ኮሮጇቸው ላይ የቆዳ ቁራጭ ቆረጠች፣ መሐሉን በወስፌ በሳች፣ ከተሰነጠቀው ብረት ጋር በጅማት አጥብቃ አቆመችው።

አባ እጅጉ በቀዳዳው አዩ። ራሳቸውን ወደ ኋላ አልሳቡም። ቀስ ብለው ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

«ጉጧ ተመለሰች» አሉ።

ለጉጧ ንጣት ደግሞ ሠርክአዲስ ከማሳው ዳር የጃርት እሾህ አነሣች፤ ነጭ ጫፉን ቆርጣ ከብረቷ ጋር አሰረችው። በማግስቱ ረፋድ ኩይሳ ላይ ሲሞክሩት እርሳሱ በኩይሳው አናት ላይ አልፎ ሄደ። እዚህ ላይ አባ እጅጉ አስተማሪ ሆኑ። ቀዳዳው ከስንጥቋ ከፍ ብሏልና ጉጧም መርዘም አለባት፤ የፊቷ ስትረዝም እርሳሱ ዝቅ ይላል። ሠርክአዲስ ረዘም ያለ ጫፍ ቆረጠች። ሁለተኛው እርሳስ ኩይሳውን መሐል ለመሐል አቦነነው። ባልና ሚስት ተያይተው እንደ ሙሽራ አፈሩ።

የመስቀል ዋዜማ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱ ከማሳው ዳር አደፈጡ። ከርከሮው አገዳ እየሰበረ መጣ። አባ እጅጉ ጉንጫቸውን ከሰደፉ አገናኙ። በዚያች ቅጽበት ከወዲያ ማዶ ክላሽ ተንጣጣ፤ ናሁሰናይ ወደ ሰማይ እየተኮሰ ነው፤ አውሬው እንዲያመልጥ፣ መስቀልም እንዲደርስ። ከርከሮው ደነበረ። ወደ ጫካው ግን አልዞረም፤ ራሱን ደፍቶ፣ አፈር እየረጨ፣ ቀጥታ ወደ ሁለቱ ጋለበ።

ሠርክአዲስ ልትነሣ ነበር። የባሏ ግራ ክንድ ጠመንጃውን እንደደገፈ፣ ክርናቸው ጉልበቷን ተጫን አደረገው። ቆይ ማለታቸው ነው። ቆየች። ክራንቻው ታያት፤ የዓይኑ ሽፋሽፍት ታያት፤ ትንፋሹ ሸተታት። አባ እጅጉ አሁንም በቀዳዳው ያያሉ። ታገሥ አጓራ። ጭሱ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር መሬቱ ላይ ተንሸራቶ መጣና እግሯ ሥር ቆመ። ጫማዋን ነክቷታል፤ አልተንቀሳቀሰም።

መንደሩ ተሰበሰበ። የፈረዱት ሽማግሌዎች መጡ፣ ከርከሮውን በዱላቸው ጫፍ ነካክተው መሬቱ የንጋት ነው አሉ። ናሁሰናይ የተኮስኩት ላግዛቸው ብዬ ነው ሲል ሰው ፊቱን ወደ ከርከሮው መለሰ። ንጋት በደስታ ሰክራ ቅቤ በቅጠል ይዛ ወጣች፤ ለገዳይ አናቱ ይቀባል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቅቤ ለነብርና ለአንበሳ እንጂ ለከርከሮ አይሆንም ብለው ሥርዓት ሊያስከብሩ ሞከሩ፤ የሚሰማቸው ሲያጡ እሳቸውም ቀርበው ቆሙ።

አባ እጅጉ ቅቤውን ከልጃቸው እጅ ተቀበሉ። ወደ ሠርክአዲስ ዞሩ። ሻሿን ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ገፉት፤ ቅቤውን በሽበቷ መሐል አኖሩት፣ በመዳፋቸውም እስኪቀልጥ ደባበሱት። ሠርክአዲስ መሬት መሬት አየች፤ ቅቤው በግንባሯ ወርዶ ከእንባዋ ጋር ሲገናኝ አልጠረገችውም።

የጠየቀው ናሁሰናይ ነው።

«አባ እጅጉ፣ የተኮሱት አንቱ፤ የተቀቡት እሳቸው። ይኼ ምን ማለት ነው?»

አባ እጅጉ እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ለማንም አልናገርም» አሉ።