«ጨረቃ ነበረች» አሉን

ጨረቃ ስትሞላ የመንገድ መብራት የሚያጠፋ ከተማ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ የምኖረው እንደዚያ ያለ ከተማ ውስጥ ነው። የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ «ሐዘን አዙሮህ ነው» የሚለኝ ግን ከአሁኑ አፉን ይያዝ።

የከተማው መብራት ክፍል ደንብ አለው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ምሽት የመንገዱ መብራት አይበራም። ለምን? ጨረቃ አለቻ። ደመና ይኑር አይኑር ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

አምና በብርዱ ወቅት፣ ሙሏን ጨረቃ ደመና በዋጣት ምሽት፣ ታናሽ እህቴ ከልብስ ስፌት ሥራዋ ስትመለስ በራችን ፊት ለቧንቧ የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች።

አልተነሳችም።

የመብራት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገብቼ ጠረጴዛውን ስደበድብ ምን አለኝ?

«ጨረቃ ነበረች።»

ጉድጓዱን እንኳ አልደፈኑትም። ሳንቃ ጣል አድርገውበት ሄዱ።

ዘንድሮ ደግሞ ከወትሮው የገዘፈች ጨረቃ ትወጣለች ተባለ። መብራት ክፍሉም «መብራት እናጠፋላችኋለን፤ ወጥታችሁ ተመልከቱ» ብሎ አስነገረ። ደሜ ፈላ።

«አንወጣም» አልኩ።

እናቴ ግን ሹራቧን ደርባ በሩ ላይ ቆማለች። ዓመቱን ሙሉ ደጅ ያልወጣች ሴት።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጨረቃዋ ከመንገዱ ጫፍ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ብቅ አለች... ቀላ ብላ... ክፍተቱን ሞልታ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። የሁሉም ጥላ ከኋላው ረዝሞ ተዘርግቷል።

«ምነው ወንድሜ፣ በጨረቃዋም ላይ ቅሬታ ልታስገባ ነው?» አለኝ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ።

«መጀመሪያ ባንተ ምላስ ላይ።»

ሰው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ለጨረቃዋ ጀርባዋን ሰጥታ መሬት መሬቱን ታያለች።

«እማ፣ ምን ጠፋብሽ?»

«ዝም በል» አለች በሹክሹክታ። «ትሸሻለች።»

ዞርኩ።

የእኔ ጥላ... የእናቴ ጥላ... በመካከላቸው ደግሞ ሌላ።

በመካከላችን ማንም አልቆመም።

ትከሻው ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለ ጥላ ነው። እህቴ ቦርሳዋን ሁልጊዜ በግራ ትከሻዋ ነበር የምትይዘው፤ ወደዚያው ዘመም ትል ነበር።

ጥላውም ዘመም ብሏል።

ከዚያ ተንቀሳቀሰ... ቀስ እያለ... ወደ ሳንቃው።

እናቴ ተከተለችው።

ደርሼ እጇን ያዝኩት። በረዶ ሆኗል። አንድ እግሯ ሳንቃው ላይ ነው፤ ሳንቃው ይንቋቋል።

«እማ፣ ተመለሺ።»

«ልቀቀኝ። በርዷታል፤ ሹራቤን ላልብሳት።»

«ባትሪህን አብራ!» አልኩት ጎረቤቴን።

ያ ቀልደኛ ሰውዬ ወዲያው አበራ። ቦርሳ ያንጠለጠለው ጥላ ጠፋ።

እናቴ እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም። በቀብሩ ቀን እንኳ።

ቤት አስገብቼ አስቀመጥኳት። እኔ ዓመት ሙሉ «መብራቱ ይብራ» ብዬ ስሟገት ኖሬያለሁ። እሷ ደግሞ እጄን ይዛ ትለምነኛለች።

«ተው ልጄ... ሁለተኛ ቢሮ እንዳትሄድ። ካበሩት በምን አያታለሁ?»

 

መጋረጃውን ልዘጋ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። እናቴም መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሰው ሁሉ ገብቷል፤ መንገዱ ጭር ብሏል።

ሳንቃው አጠገብ ሁለት ጥላዎች አሉ።

አንዱ ቦርሳ ይዟል። ሌላው ጎበጥ ብሎ... ሹራብ ያለብሰዋል።

ቀስ ብዬ ዞርኩና ከኋላችን ያለውን ወለል አየሁ። የጨረቃዋ ብርሃን በመስኮቱ ገብቷል። ወለሉ ላይ የወደቀው የእኔ ጥላ ብቻ ነው።

የመብራት ክፍሉ ኃላፊ ሆይ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ከጠረጴዛህ ጀርባ መደበቁ ይብቃህ። ጨረቃ እንደገና ስትሞላ ሰፈራችን ና፤ ሳንቃው አጠገብ ቁምና ሰው ሁሉ እየሰማ መልስ። ጉድጓዱን ትደፍናለህ? መብራቱን ታበራለህ?

ካበራኸውስ፣ እናቴን ምን ትላታለህ? ለእሷም እዚያው፣ በአደባባይ መልስላት።