የልደታ በር ቆጠራ

ኅዳር 1 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዶክተር ወልደ ሚካኤል፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ባለው ቢሯቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። የወረቀት መጫኛ ድንጋይ አናታቸውን ፈንክቶታል። ያገኘቻቸው ረዳታቸው ሀያት ሻርፗ ደም ስለነካው በካቴና ታስራ ጥግ ተቀምጣለች። የምታጠባው ልጅ አላት፤ ከጠየቀች የጠየቀችው ስለ እሱ ብቻ ነው።

ፖሊሶቹ ቸኩለዋል። ደም ያየ ሁሉ ገዳይ ያገኘ ይመስለዋል። ኢንስፔክተር የሻረግ ግን ችኩል አይደለችም።

«ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የት ነበራችሁ?»

«ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ትምህርት ቤት» አለች ሁለተኛዋ ረዳት ሶረቲ። «ለሠላሳ ተማሪዎች የማስታወስ ሙከራ እየሰጠሁ።»

«እኔ ልደታ ማርያም በር ላይ፣ ምልከታ» አለ ሦስተኛው ረዳት ገብረየሱስ። «ስንቱ ሰው እንደሚመጸውት ሳያውቅብን እያየን እንመዘግባለን። ይኸው ቅጹ።»

ኖቬምበር 10፤ ያለፈ ሰው 43፣ የመጸወተ 11 ይላል።

«አንቺስ ሀያት?»

«ታክሲ ውስጥ። በቤተክርስቲያኑ በኩል መንገዱ በሰው ተዘግቶ አላሳልፍ አለን። ስደርስ ወድቀው አገኘኋቸው።»

የሻረግ የሟቹን ጠረጴዛ ፈተሸች። የገብረየሱስ ሁለት የቆዩ ቅጾች አሉ፤ ቀናቸው ይለያያል፣ ቁጥራቸው አንድ ነው። ዶክተሩ በቀይ አስምረውባቸዋል። ሦስቱንም ረዳቶች ሰበሰበች።

«ሻርፑን ደም አርሶታል እንጂ አልተረጨበትም። ሀያት ሽማግሌውን አቅፋ አንስታቸዋለች። ሶረቲ ሠላሳ ምስክር አላት። ገብረየሱስ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ኖቬምበር አስር።»

«በእኛስ?»

ገብረየሱስ ወደ ቅጹ አጎነበሰ፤ የሻረግ ራሷ መለሰችለት።

«ኅዳር አንድ፤ ወርኃዊዋ ልደታ። በሩ በነጠላ ለባሽ ተጥለቅልቋል፤ አንተ በአንድ ሰዓት ሙሉ አርባ ሦስት ሰው ብቻ ቆጠርክ! በሩ ላይ አልነበርክም። የቆዩትንም ቅጾች ቤትህ ተቀምጠህ ነው የሞላሃቸው። ዶክተሩ ደረሱብህ፤ ነገሩን እንዲተዉልህ ልትለምናቸው መጣህ።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«ማስተርስህ ይሰረዛል አሉኝ» አለ ገብረየሱስ። «እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ።»

ካቴናው ከሀያት እጅ ወደ እሱ እጅ ዞረ። ሀያት ግን አልተነሳችም፤ አዘነች እንጂ ደስ አላላትም።

«ሲያስሩኝ ደርሶ አይዞሽ አለኝ» አለች። «እጄ ታስሮ ስለነበር ውሃ ያጠጣኝ በገዛ እጁ ነው።»