በቀይ የተከበበው ሚካኤል

ቀናተኛ ነኝ፤ አልክድም። ምስክርን የተዋወቅሁት ቡሬ መናኸሪያ፣ በሚነዳው ባጃጅ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠችውን ልጅ አስነስቼ እኔ ስቀመጥ ነው። ያኔ ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር።

ተጋብተን ፍኖተ ሰላም ስንገባ ትሕትና የምትባል አዋላጅ ነርስ ደንበኛው ሆነች። በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ ያደርሳታል፤ ሲያወሩ ከደጅ እሰማቸዋለሁ። ሳቋ ያቃጥለኛል።

መስከረም አሥራ አንድ ቀን፣ እሱ ትሕትናን አድርሶ ተመልሶ ቁርሱን ሲበላ ባጃጁን ልጠርግ ወጣሁ። ከመቀመጫው ሥር ትንሽ የቀን መቁጠሪያ አገኘሁ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፤ በየወሩ ሚካኤል በቀይ ተከቧል። ሽፋኑ ላይ የትሕትና ስልክ ተጽፏል።

ያን ሰሞን ጡቴን ያመኛል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ በሆነው ባልሆነው አለቅሳለሁ። የወር አበባዬ ሚካኤልን ስለማይስት ነገ ይመጣል ብዬ ታግሼ ነበር። መቁጠሪያውን ሳይ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ነጠላዬን በወጉ ሳላጣፋ ጤና ጣቢያ ደረስኩ።

«በየሚካኤሉ ከባሌ ጋር የት ነው የምትገናኙት?» አልኳት፣ መቁጠሪያውን ጠረጴዛዋ ላይ ወርውሬ።

ትሕትና መቁጠሪያውን አየች፤ ከዚያ እኔን። አልተቆጣችም። ያ ይበልጥ አሳፈረኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ያንች ቀን ነው። ‹ወሯ ሲደርስ ሦስት አራት ቀን ቀድማ ይከፋታል፤ ምን ላድርግላት?› እያለ ይጠይቀኛል። ብዙ ሴት እንዲህ ትሆናለች፣ ደሙ ሲመጣ ይቀላታል፣ እስከዚያ አትቆጣት ብየዋለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ነገ ይመጣል መሰለኝ፤ ለዚያ ነው እንዲህ ያበድኩት» አልኩ።

«የመጨረሻው መች ነበር?»

«የነሐሴ ሚካኤል።»

በጣቷ ቆጠረች። «ዛሬ ሠላሳ አራት ቀንሽ ነው። ጳጉሜን የት ጣልሻት?»

አምስቷን ቀን ጭራሽ አልቆጠርኳትም። ሠላሳ ቀኑ ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል!

«የጡት ሕመሙ፣ ድካሙ፣ ማልቀሱ በእርግዝና መጀመሪያም ያው ነው። በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም፤ ወሩ ሲቀር መመርመር ነው» ብላ የሽንት ዕቃ ሰጠችኝ።

ሁለት መስመር ወጣ።

ስወጣ ምስክር የሄድኩበትን ከጎረቤት ሰምቶ፣ ባጃጁን አቁሞ በር ላይ ይጠብቀኛል። እያፈረ ከፌስታል የጎማ ኮዳ አወጣ።

«ነገ ሚካኤል ነው ብዬ... ሙቅ ውሃ ተሞልቶ ወገብ ላይ ይደረጋል አሉኝ።»

«ነገ አይመጣም» አልኩት።

«ምኑ?»

«እስከ ግንቦት አይመጣም።»

ወራቱን በጣቶቹ መቁጠር ጀምሮ መሃል ላይ ተወው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ይህን ሰው ነው ስጠረጥር የከረምኩት።

«ትሕትና ታውቃለች?» አለኝ ድንገት።

«እሷ አይደለች እንዴ የመረመረችኝ!»

«ከእኔ ቀድማ?» ፊቱ ቅጭም አለ።

«አዎ፣ ካንተ ቀድማ። እስኪ ቅናትን አንተም ቅመሳት!» አልኩና እየሳቅሁ ከጎኑ ተቀመጥኩ።