የአበባው ወራት አይብ

አንሰልም ቡቫር ሞቶ የተገኘው አይብ በሚያቆይበት ምድር ቤት፣ በወደቀ መደርደሪያ ሥር ነበር። እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበዱ ክብ አይቦች ደረቱ ላይ ተከምረውበታል። መርማሪዋ ክሎቲልድ ቫኔ በረዶ የሚጠርገውን መኪና ተከትላ የዡራን ተራራ ወጥታ ስትደርስ በረዶው በረቱን ሊውጠው ምንም አልቀረው። በዙሪያው ጭስ የሚወጣበት ሌላ ቤት አይታይም።

ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ከሟቹ ጋር አይብ ስትሠራ ያረጀችው እኅቱ ሌዎኒ፣ ሊጠይቃቸው የመጣው የወንድማቸው ልጅ ፊርማን፣ እንዲሁም በረዶ መንገድ የዘጋበት አይብ ነጋዴ ሙሴ ግሮዣን።

«አደጋ ነው» አለ ፊርማን። «መደርደሪያው በስብሷል ብዬው ነበር። አጎቴ መቼ ሰው ይሰማል!»

«አንተስ ሥራውን ታውቀዋለህ?»

«እኔ? ሽታው ራሱ ያመኛል። አይብ ሁሉ ለኔ አንድ ነው።»

ሙሴ ግሮዣን እጁን አጨበጨበ። «ጉድ ሆንኩ! እዚያ መደርደሪያ ላይ የነበረው የአበባው ወራት አይብ ነው። ላሞቹ ሜዳ ወጥተው አበባ ሲግጡ የሚሠራው፣ ቢጫው፣ አፍ ውስጥ ለውዝ ለውዝ የሚለው። ሁሉም ተሰባበረ! አንሰልም ደግሞ ‹የመጨረሻዬ ነው› ብሎኝ ነበር።»

«የመጨረሻው ለምን?»

«ከተማ ወርዶ ልጁ ዘንድ ሊኖር። ትናንት እራት ላይ ነው የነገረን።»

ሌዎኒ ከወተቱ ጋን አጠገብ ተቀምጣለች። የቀሚሷ እጅጌ እርጥብ ነው።

«ዛሬም ሠሩ እንዴ?» አለቻት ክሎቲልድ።

«ላሞቹን አለብኩ። ሰው ሞተ ብለው አይጠብቁም፣ ልጄ።»

«ወንድምዎ ሊሄድ መሆኑን ሲሰሙ ምን አሉ?»

«የትም አልሄደም» አለች ሌዎኒ።

ክሎቲልድ ምድር ቤት ወረደች። የአንሰልም ቁስል ከኋላ ጭንቅላቱ ላይ ነው፤ የድንጋዩ ደረጃ ጠርዝም ታጥቦ ያልለቀቀ ደም ይዟል። ከተሰነጠቁት አይቦች ቆርሳ ቀመሰች። ነጣ ያለ ነው፤ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል። ወደ ውስጠኛው ክፍል ዘልቃ አንድ በአንድ አየች። ከነጮቹ ኋላ ቢጫዎቹ በወግ ተደርድረዋል፤ ቅርፊታቸው የታሸበት የጨው ውሃ ገና አልደረቀም።

ሦስቱንም ማድ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«አንሰልም የሞተው ደረጃው ላይ ወድቆ ነው» አለች። «አይብ ከፊት ወድቆበት ኋላው አይፈነከትም። መደርደሪያው ከሞተ በኋላ ተጣለበት። ግን የተሰባበረው በረት ውስጥ ድርቆሽ ከበሉ ላሞች የተሠራው ነው። የአበባው ወራቱ ቀድሞ ተነሥቶ ተደብቋል።»

ሙሴ ግሮዣን ከወንበሩ ብድግ አለ። «አልተሰበረም?»

«አልተሰበረም። እርስዎ ተሰብሯል ብለው ሲያለቅሱ ነበር፤ ስለዚህ ያነሡት እርስዎ አይደሉም። ፊርማን ደግሞ አንዱን ካንዱ አይለይም። ያነሣው ሰው ይለያል፤ ሊሰብረው አልቻለም። ዛሬ ጠዋትም ሄዶ በጨው ውሃ አሽቶታል፤ ሳይታሽ ቢያድር ይበላሻላ።»

ሁሉም የሌዎኒን እርጥብ እጅጌ አዩ።

«አክስቴ...» አለ ፊርማን።

«ገፋሁት» አለች ሌዎኒ። «እንዲሞት ብዬ አልነበረም። ‹እኔስ?› ስለው ‹አንቺማ ላሞቹ አሉሽ› አለኝ። ላሞቹ! በረዶው እስኪቀልጥ ከማን ጋር ላወራ ነው? አይቡን ግን... እሱን ባንድ ላይ ነው የሠራነው።»

መንገዱ እንደገና ሲጠረግ ክሎቲልድ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጠቻት። ፊርማን አፍንጫውን በሻርፑ ሸፍኖ ላሞቹን ሊያይ ወደ በረቱ ሲገባ ከኋላቸው ቀረ።

የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ እንዳለፉ ሌዎኒ ማውራት ጀመረች። ስለ እናቷ፣ ስለሞቱት ላሞች፣ አንሰልም ልጅ ሳለ ጋን ውስጥ ስለ መውደቁ። ከተማው እስኪደርሱ ዝም አላለችም። ክሎቲልድም አላቋረጠቻትም፤ መኪናውን ቀስ አድርጋ ነዳች።