አሥራ ሰባተኛው ወረቀት

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ ከኋለኛው ደረጃ ሥር እንደወደቀ ነበር፤ አንድ ሰው የመስኮት መጋረጃ አውልቆ አልብሶታል። ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው ነው። ተማሪዎቹ በፊቱ «ጋሼ»፣ በሌለበት ደግሞ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሉት ነበር።

«አደጋ ነው፤» አለ ርዕሰ መምህሩ ቸኩሎ። «ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ደረጃውም ያዳልጣል። እስከ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ድረስ ውጤት ሲያስገቡ ነበር፤ ሲስተሙ መዝግቦታል። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ወድቀው አገኘቻቸው። እኛ ደግሞ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ እሷ ስትጮህ እስክንሰማ ድረስ አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ላይ ነበርን።»

«የምን ሥልጠና?»

«የማሽኑ ነዋ። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ወረቀት እንዴት እንደሚያርም።»

የት እንደነበረ ገና ማንም አልጠየቀውም ነበር። መርማሪዋ ይህን ልብ አለች።

ሐኪሙ አስከሬኑን አይቶ፣ ሰውየው የሞተው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከዚህ በላይ ማጥበብ አልችልም አለ።

ሟቹን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«እርስዎ ነዎት ያገኟቸው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ምነው እጄን በሰበረውና ባላገኘኋቸው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኮ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ለልጄ ሊናገሩላት ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴትየዋ ልጅ እዚሁ ትማራለች። ተማሪዎቹ ቤት ወስደው በእጃቸው ጽፈው የመለሱት አምስት የታሪክ ጥያቄ ነበር። ማሽኑ የልጅቷን ወረቀት አይቶ «የራሷ ሥራ አይደለም» አለና ዜሮ ሰጣት። ወጣቷ የታሪክ መምህርትም «አንብቤ አረጋግጫለሁ» ብላ ፈረመች። ዜሮ ያለበት ተማሪ ለብሔራዊ ፈተና አይመዘገብም። ጋሼ ይህን ሲሰማ የክፍሉን ወረቀት በሙሉ ራሴ አርማለሁ ብሎ ተነሣ።

«ምዝገባው መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ልጄ አለቀላት እትዬ።»

የሟቹ ክፍል ከደረጃው አናት ላይ ያለች የቀድሞ የመጻሕፍት መጋዘን ናት። በጠረጴዛው ላይ አርባ ሁለት ወረቀት ተቆልሏል። መርማሪዋ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ቁልሉን ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ገለጠችው።

ባሏ መምህር ነበር። የፈተና ሰሞን ጠረጴዛቸው ላይ ሳህን ማስቀመጫ ይጠፋል። እሱ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለክፍሉ ሁሉ ያርምና ተመልሶ ሁለተኛውን ከላይ ይጀምራል፤ በአንዱ መልስ የበሸቀው በሌላው ላይ እንዳይወጣ። ስትደምርለት የኖረችው እሷ ናት። አሁን ጠረጴዛው ሰፊ ነው።

ቀይ እስክሪብቶም እንደዚያው ያርም ነበር። አንደኛው ጥያቄ በአርባ ሁለቱም ወረቀት ላይ ታርሟል። ሁለተኛው የታረመው እስከ አሥራ ስድስተኛው ድረስ ነው። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቀዩ መስመር ከአንድ ዐረፍተ ነገር ሥር ተጀምሮ መሐል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ የቀይ ቀለም ጠብታ የለም።

የማሽኑን ባለሙያ አስጠራችው። ሥጋ የራቀው፣ ጥፍሩን የሚበላ ጎልማሳ ነው።

«ጋሼ ዛሬ ያስገቡትን ውጤት አሳየኝ።»

«ይኸው። አርባ ሁለት ተማሪ፣ አምስቱም ጥያቄ። አምስት ሰዓት ከአንድ ላይ ጀምረው አምስት ከሃምሳ ሁለት ላይ ጨረሱ። የአንዱን ልጅ ጨርሰው ወደ ቀጣዩ እያለፉ።»

«የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅስ?»

«ዜሮ። እሳቸውም በመጨረሻ ከማሽኑ ጋር ተስማሙ ማለት ነው።»

መርማሪዋ የልጅቷን ወረቀት ከቁልሉ መዘዘች። ከአንደኛው መልስ ጎን በቀይ «19 ከ20፤ ይህን ያሰበችው ራሷ ናት» ይላል። ለባለሙያው አላሳየችውም።

«የእሳቸውን ፓስዎርድ ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ... ወጣቷ መምህርት። መተየብ ስለሚጠሉ ውጤት የምታስገባላቸው እሷ ነበረች። ከየትኛው ኮምፒውተር እንደገባ ግን ሲስተሙ አይመዘግብም።»

ወጣቷ መምህርት ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። "ልጄ" ነበር የሚሉኝ።»

«ወረቀት ስታርሚ ከየት ነው የምትጀምሪው?»

«ከላይ ካለው ነዋ። አንዱን ልጅ እጨርስና ወደ ቀጣዩ።»

«እስክሪብቶ ይዘሽ ካረምሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

መምህርቷ ጣቶቿን ተመለከተች። «ቆይቷል።»

«ሥልጠናው ላይ የት ነበር የተቀመጥሽው?»

«ከኋላ። በላፕቶፔ ማስታወሻ እይዝ ነበር።»

አሥር ሰዓት ሲሆን መርማሪዋ ሁሉንም በመምህራን ክፍል ሰበሰበቻቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ አልቀመጥም ብላ በሩ ጋ ቆመች። አንድ ፖሊስ ከአጠገቧ ቆሟል።

«ጋሼ ወድቀው አይደለም የሞቱት፤» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «አምስት ሰዓት ሲሞላም በሕይወት አልነበሩም።»

«ሲስተሙ እኮ...» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«ሲስተሙ የነገሩትን ነው የሚመዘግበው። አንድ ሰው አርባ ሁለት ወረቀት በሃምሳ አንድ ደቂቃ አንብቦ ይጨርሳል? ይሁን፣ ጨረሰ እንበል። ሲስተሙ ውስጥ የእያንዳንዱ ልጅ አምስት ጥያቄ ታርሟል። ወረቀቱ ላይ ግን ሦስተኛውን ጥያቄ የነካው የለም። ሁለተኛውም አሥራ ሰባተኛው ወረቀት ላይ ነው የቆመው። መሐል ላይ አንድ ሰው ጠራቸው፤ ወጡ፤ አልተመለሱም። ከዚያ ያ ሰው የማሽኑን ውጤት እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጎ በስማቸው አስገባ። አንዷን ልጅ ብቻ እንዳለች ተዋት። ዜሮዋ እንዳይነካ የሚፈልግ ሰው ነው።»

«ታዲያ ወረቀቶቹን ለምን አላጠፋቸውም?» አለ ባለሙያው።

«ትዝ አላለውም። በዚህ ትምህርት ቤት ማርክ ያለው ማሽኑ ውስጥ ነው። ወረቀት የሚገልጥ ሰው ካያችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

መርማሪዋ ሦስቱን በየተራ አየቻቸው።

«ፓስዎርዱን የምታውቁት ሦስት ናችሁ። ርዕሰ መምህሩ ያን ሰዓት ሙሉ ማይክ ይዘው ሲናገሩ ነበር። የአንተ ኮምፒውተር ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ አዳራሹ በሙሉ ሲያየው ነበር። ከኋላ ተቀምጣ ላፕቶፕ የከፈተችው አንዷ ብቻ ናት። ሳታነብ "አንብቤአለሁ" ብላ የፈረመችውም እሷው ናት።»

ወጣቷ መምህርት አልካደችም።

«አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጠራኋቸው፤» አለች። «ኮሚቴው ፊት እንዳይናገሩብኝ ለመንኳቸው። "ለእኔ ሳይሆን ለልጅቷ ንገሪያት" ብለውኝ ሊሄዱ ዞሩ። ክንዳቸውን ያዝኩ... ገፋሁ። አዎ፣ ገፋኋቸው።» ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረች። «ማሽኑ ያግዛችኋል አላችሁን። ሲገባ አምስት መምህር አባረራችሁ። ሦስት መቶ ተማሪ አለኝ! በየትኛው ዓይኔ ነው የማነበው? ፈርሚ ስትሉኝ ፈረምኩ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ወረቀት አላነበብኩም።»

ርዕሰ መምህሩ ክራቫቱን አስተካከለ።

«ታዲያ የልጄን ወረቀት አሁን ማን ያነበዋል?» አለች እናትየዋ ከበሩ።

«ጋሼ አሥራ ዘጠኝ ሰጥተዋታል፤» አለች መርማሪዋ።

«ለአንድ ጥያቄ ነው፤» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ደንቡ የትምህርቱ መምህር የፈረመበት ሙሉ እርማት ይላል። የታሪክ መምህር የነበሩን ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው።»

«ለእኔ ስጡኝ፤» አለች ወጣቷ መምህርት።

ፖሊሱ ክንዷን ሊይዝ ሲል መርማሪዋ በእጇ አስቆመችውና ወረቀቱን ሰጠቻት። መምህርቷ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ሳታውቀው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«የራሷ ነው፤» አለች። «ከማንም አልገለበጠችም። እስክሪብቶ ስጡኝ፣ ልፈርም።»

«አንቺ ከአሁን በኋላ መምህር አይደለሽም፤» አለ ርዕሰ መምህሩ፤ ሰዓቱን አየና ወደ ባለሙያው ዞረ። «ሊዘጋ ነው። በል፣ ለጊዜው ማሽኑ ደግሞ ይየው።»

ባለሙያው መርማሪዋን ቀና ብሎ አያት። ሕጉ የሰጣት ገዳይ መያዝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በዚህ ክፍል ሥልጣን የላትም። ሳይወድ ወረቀቱን ወደ ማሽኑ አስገባ። መልሱ በአራት ሴኮንድ መጣ።

«ዜሮ ነው፤» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«አነበበው?» አለች እናትየዋ።

ርዕሰ መምህሩ እንደገና ሰዓቱን አየ።

«እኮ፣ አነበበው ወይ ነው የምላችሁ?»