የስኳር አይጦች

ዶርካስ እስከ አሥራ አምስት ዓመቷ ድረስ አክስቷ ዚላ፣ የእናቷ ታናሽ እህት፣ ትዕቢተኛ ትመስላት ነበር። በአንድ ፊልም ላይ የታየች፣ ከዚያ ወዲህ ግን ሲኒማ ቤት ደጃፍ ደርሳ የማታውቅ፣ የዚያ ፊልም ስም ሲነሣ ሳህኗን ይዛ ከማዕድ የምትነሣ ሴት ሌላ ምን ልትባል ትችላለች? የጓዳውን በር ክረምት ከበጋ በጡብ አስደግፋ ክፍት ማድረጓንም ዶርካስ የሞገደኛነት ምልክት አድርጋ ቆጥራው ነበር። ብርድ በገባ ቁጥር «የኮከባችን በር» እያለች ስታላግጥ እናቷ ሰሊና አንድም ቀን አልሳቀችም፤ አንድም ቀን ግን አልተቆጣቻትም።

ይህ ግምት የፈረሰው በክላውብሪጅ የሸማኔዎች አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የሲኒማው ሸራ ላይ የአክስቷ ፊት ነበር፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ፊት፣ ዳር እስከ ዳር ሸራውን የሞላ።

«ይቺን ትዕይንት ስወዳት፣» አለ አጠገቧ የተቀመጠው የክፍል ጓደኛዋ ጆስ፣ በኮምጣጤ የራሰ ትኩስ አተር እያላመጠ። «አክስትሽ ግን ዓይኗ ከጉድጓዱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።»

«ትወና ይባላል፣ አንተ ደደብ።»

«ለንደን ስትገቢ እንዲህ እያልሽ ነው የምትሰድቢያቸው?»

ዶርካስ በክርኗ ጎሰመችው። ፊልሙ ድምፅ አልባ ነበር፤ «ሰባተኛው ደረጃ» ይባላል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚሁ ክላውብሪጅ፣ በዳቦ ጋጋሪው ምድር ቤት ውስጥ የተቀረጸ፣ የሚስተር ኦብሪ ላዝበሪ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ዛሬ ሚስተር ላዝበሪ በመላው እንግሊዝ የታወቀ ልብ አንጠልጣይ ፊልም አዘጋጅ ሆኗል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደዚህ አዳራሽ ይመጣል፤ ዶርካስም ፊቱ ቆማ ድርሰቷን ታነባለች። የውድድሩ ርእስ «ሰባተኛው ደረጃ የሚስተር ላዝበሪን ስልት እንዴት ቀረጸ» የሚል ነበር፤ ያሸነፈችውም እሷ ናት። ሽልማቱ ለንደን በሚገኘው የሰውየው ስቱዲዮ፣ ታሪኮች በሚጻፉበት ክፍል ውስጥ ሥራ መጀመር ነው። ያ ባይሆን የሚጠብቃት እናቷንና አክስቷን የዋጠው የሽመና ፋብሪካ መሆኑን ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

የድርሰቱን እምብርት በቃሏ ትወጣዋለች፦ «ሚስተር ላዝበሪ ምሥጢሩን ከተመልካች አይደብቅም። ለተመልካች አስቀድሞ ይነግርና ከአንዲት ሴት ብቻ ይሰውረዋል። እኛ እናውቃለን፤ እርሷ አታውቅም። ፍርሃት የሚወለደው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ፊልሞቹ ሁሉ፣ የተበላው የዥዋዥዌ ገመድም ሆነ የተመረዘው ማር፣ ከዚህ ምድር ቤት የወጡ ናቸው።» የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ሚስ ፌንተን ይህን ስታነብ መነጽሯን አውልቃ ነበር።

ሸራው ላይ ልጅቷ ሻማ ይዛ ሰባቱን ደረጃዎች ወርዳለች። የበሩን እጀታ አንድ እጅ ከውስጥ በኩል ሲነቅለው ተመልካቹ አስቀድሞ አይቷል። በሩ ተዘግቷል። አሁን ፊቷ ብቻ ቀርቷል፤ ከንፈሮቿ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሰፍተው ይከፈታሉ። ከዚያ ንግግሯን የሚተካው ጽሑፍ መጣ፦ «ወዮልኝ! ገዳዩ የገዛ እጮኛዬ ኖሯል!»

ዶርካስ ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ ሲያይ ለማየት ዘወር አለች፤ ለድርሰቷ መደምደሚያ ይሆናት ነበር። ከኋላዋ ሃያ የሚሆኑ ሸማኔ ሴቶች በአንድ መስመር ተቀምጠዋል። ትንፋሹን የዋጠ የለም። ሁሉም የእንጨት ጫማቸውን አፍንጫ ያያሉ። ከመካከላቸው እናቷ ብቻ ዓይኗን ጨፍናለች።

ማታ ሳህን ሲያጥቡ ዶርካስ ጠየቀቻት።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽን የጨፈንሽው?»

«ደክሞኝ ነዋ።»

«ሃያችሁም በአንድ ጊዜ ነው የደከማችሁ?»

ሰሊና የጠራ ሳህን ደግማ ማሸት ያዘች።

አራት መቶ የሽመና መኪና በአንድ ጊዜ በሚያጓራበት የፋብሪካ አዳራሽ ውስጥ ጆሮ ሥራ ፈት ነው። የክላውብሪጅ ሴቶች የሚነጋገሩት በከንፈር ነው፤ አፋቸውን ሰፋ አድርገው፣ ድምፅ ሳያወጡ። መንገድ ወዲያና ወዲህ ቆመው ሰው ሲያሙ፣ በመካከላቸው የሚያልፈው የታማው ሰው ራሱ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ ሰጥቷቸው ይሄዳል። ዶርካስ ይህን እያየች አድጋለች፤ ራሷ ግን ትምህርት ቤት የቆየች በመሆኗ ከሦስት አራት ቃል በላይ አትለይም። አሁን ነገሩ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ወረደባት።

«ዚላ እዚያ ላይ የምታወራው ሌላ ነገር ነው፤ አይደል? ጽሑፉ ያለውን አይደለም።»

«ተይው።»

«ምንድን ነው የምትለው?»

እናቷ ሳህኑን አስቀመጠች። «‹ሚስተር ላዝበሪ፣ በቃ› ትላለች። ‹በሩን ክፈቱልኝ። እግሬ ላይ ወጡ።› ከዚያ የእኔን ስም ትጠራለች። ሁለት ጊዜ» አለች።

«ምንድን ነው እግሯ ላይ የወጣው?»

«አይጥ። ከእህል ነጋዴው መጋዘን በከረጢት አስይዞ ያመጣው። ‹ትፈራ ዘንድ መንገር ዋጋ የለውም፤ መፍራት አለባት› ይል ነበር። ካሜራውን በከሰል ማስገቢያው ቀዳዳ አስገብቶ፣ በሩን አስዘጋ።»

«አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?»

ሰሊና እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደረቅ እጅ ነበር። «ውጭ ቆሜ ነበራ። ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ነበር። ሰውየው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ለእያንዳንዳችን ነገረን፤ ‹እሷ ብቻ እንዳትሰማ› አለ። ጨዋታ ነው ብለን ሳቅን። እንዳናወራ ደግሞ የስኳር አይጥ አደለን፤ ያ በአይጥ መልክ የተሠራው ነጭ ከረሜላ፣ ጭራው ክር የሆነው። እኔ ሁለት ደረሰኝ።»

«እና በላሽው።»

«በላሁት።»

«ስትጮህ እየሰማሽ?»

«በሩ ወፍራም ነበር፤ ምንም አልሰማንም። አርባ ደቂቃ ቆመን ስናወራ ነበር። እኔ ጩኸቷን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ሲኒማ ቤት፣ ከሸራው ላይ።» ድምጿ አልተለወጠም። «ስሜን ስትጠራ አየኋት። ዙሪያዬን ያሉት ሴቶችም አዩ። ማንም ተነሥቶ አልወጣም። ሲኒማ ቤቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ እስከ አፉ በሰው ሞላ።»

ዶርካስ ክፍሏ ገብታ ድርሰቷን አወጣች። «እኛ እናውቃለን፤ እርሷ አታውቅም።» ዓረፍተ ነገሩ ትናንት የነበረው ነው፤ አንዲት ነጥብ አልተነካም፤ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። የሚያቅለሸልሸውም ይኸው ነበር። ጥበብ ብላ የጻፈችው፣ አፉን በስኳር አይጥ የሞላ መንደር በአንድ በር ፊት ቆሞ የሚያሳየውን መልክ ነው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ መንደሩን ወደ አዳራሽ፣ ስኳሩን ወደ ትኬት ከመለወጥ በቀር የጨመረው ነገር አልነበረም። እርሷም ፊልሙን አራት ጊዜ አይታዋለች፤ በአራተኛው ጊዜ ደብተር ይዛ። ምላሷ ላይ የሌለ ጣፋጭ ነገር ስለተሰማት እስኪያማት ድረስ በፎጣ ጠረገችው።

በማግስቱ አክስቷን ከጓሮ አገኘቻት። ዚላ ጀርባዋን ለክፍቱ በር ሰጥታ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች። ዶርካስ ምን ብላ እንደምትጀምር ስላላወቀች ጡቡን በእግሯ አስተካከለች።

«ነገረችሽ ማለት ነው፣» አለች ዚላ ቀና ሳትል።

«አክስቴ፣ በበርሽ ስቀልድብሽ ነበር።»

«ቀልድሽ ደግሞ እንደ ሰኞ ገንፎ የቀዘቀዘ ነበር፤ እሱ ነው የከፋኝ።» ማሰሪያውን ፈትታ ጨረሰች። «በኋላ ይቅርታ ብሎ ምን እንደሰጠኝ ታውቂያለሽ? የስኳር አይጥ። አንድ ሳጥን ሙሉ፣ በሐር ጥብጣብ የታሰረ። ሁሉም ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቄን ነው የምጠላው፤ አይጦቹንስ ለምጃቸዋለሁ።»

«ቅዳሜ ሰው ሁሉ ባለበት እነግረዋለሁ። አንድ በአንድ።»

«አትነግሪውም።» አሁን ቀና አለች። «ስሜን በድምፅ ጠርተሽ ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያየኝ አልፈልግም። አንዴ ታይቻለሁ። ይበቃኛል።»

«ታዲያ ላንብብለት? ላመስግነው?»

«ለንደን የምትሄጅው አንቺ ነሽ። እኔ ሂጂም ቅሪም አልልሽም።»

ዶርካስ አጠገቧ ተቀምጣ፣ «ሸራው ላይ ያልሽውን በከንፈር እንዴት እንደሚባል አስተምሪኝ» አለች።

ዚላ ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በከንፈር የተባለ ነገር እዚህ አገር ለጌቶች ጆሮ አይደርስም» አለች። «አፍሽን ሰፋ አድርጊ። ጥርስሽን አትደብቂ። በመጀመሪያ ‹በቃ› በይ።»

አምስት ቀን ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ጓሮ ውስጥ ተለማመዱ። ዚላ ታርማታለች፤ ስትስት ትስቅባታለች፤ የራሷን ስቃይ እንደ ተማሪ መልመጃ ፊደል በፊደል ታስጠናታለች። የሰሊና ስም ሲደርስ ግን ወደ ሌላ በኩል ትዞራለች።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ሚስተር ላዝበሪ ከፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ እጁ የለሰለሰ፣ ለሁሉም ፈገግ የሚል ሰው። ሲገባ የሴቶቹን እጅ አንድ በአንድ ጨብጧል፤ የሰሊናንም ጨብጧል፤ አላወቃትም። ዚላ አልገባችም። የኋላው በር ግን በጡብ ተደግፎ ክፍት ነበር፤ ከበሩ ባሻገር፣ መንገዱ ላይ፣ የሻርፕ ጠርዝ ይታያል።

ፊልሙ አለቀ። ሚስ ፌንተን ዶርካስን ወደ መድረክ ስትመራት ጆሮዋ ላይ፣ «ቀስ ብለሽ አንብቢ። ዕድል እንዲህ ባለ ቦታ ሁለት ጊዜ አይመጣም፣ ልጄ» አለቻት። በቅንነት የተባለ ነበር፤ ሴትየዋ ለዚህች ተማሪዋ ሦስት ዓመት ደክማለች።

ዶርካስ ወረቀቱን ዘረጋች። ዓይኗ ያረፈበት የመጀመሪያው ቃል «እኛ» የሚል ነበር። ከወረቀቱ በላይ የሚስተር ላዝበሪ ፊት ይታያል፤ ሊመሰገን ተዘጋጅቶ ራሱን በትንሹ ዘንበል አድርጓል። ከእርሱ ኋላ ሃያዎቹ ሸማኔዎች ተቀምጠዋል፤ ጫማቸውን እያዩ።

ወረቀቱን አጠፈችው። አንዴ በጫማዋ ወለሉን መታች፤ በፋብሪካው ውስጥ ሴቶቹ ‹እዩኝ› ለመባባል እንደሚያደርጉት። ሃያ ራስ ቀና አለ። ከዚያ አፏን ሰፋ አድርጋ፣ ጥርሷን ሳትደብቅ፣ አንዲት ትንፋሽ ድምፅ ሳታወጣ ተናገረች።

ሚስተር ላዝበሪ፣ በቃ። በሩን ክፈቱልኝ። እግሬ ላይ ወጡ።

አዳራሹ ውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሚስ ፌንተን እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ተማሪዋ ደንግጣ አንደበቷ የተያዘ መስሏታል። ሚስተር ላዝበሪ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማው በተመጠነ ሹክሹክታ፣ «ምነው፣ የልጅቷን ድምፅ አይጥ በላው እንዴ?» አለ። ሳቅም ጠበቀ።

የሳቀ ሰው የለም። ሰውየው ፈገግታውን ሳያጥፍ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። በአዳራሹ ያሉት ሴቶች ሁሉ የሚያውቁት፣ እርሱ ብቻ የማያውቀው ነገር በዙሪያው ቆሞ ነበር።

ሰሊና፣ አለች ዶርካስ በከንፈሯ። ሰሊና።

እናቷ ከመስመሩ መካከል ተነሣች። ወንበሮች እየተጠጉ መንገድ ሰጧት። በእንጨት ጫማዋ ቀጥ ብላ፣ እያንዳንዷ ርምጃ እየተሰማች፣ ወደ ክፍቱ በር ሄደችና ወጣች። ከኋላዋ ሌላ ሴት ተነሣች፤ ከዚያም ሌላ። ሚስተር ላዝበሪ ሰዓቱን አወጣ፤ ሴቶቹ የሚወጡት ባቡር እንዳያመልጣቸው እንደሆነ ሚስ ፌንተንን በትሕትና ጠየቃት።

ዶርካስ ድርሰቱን ኪሷ ከትታ ከመድረክ ወረደች። ለማንም አላነበበችውም፤ ለንደንም አልሄደችም።