ዝም ያለው ሰፈር

ካርታ ሠሪው በታች ሰፈር ድልድይ ሥር፣ ጎርፍ ባመጣው ግንድ ተይዞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተገኘ። መርማሪዋ ስትደርስ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር።

«ውሃ አልጠጣም» አላት። «ማጅራቱን ነው የተመታው። ሞቶ ነው ወንዝ የገባው።»

ባልደረቦቿ «ስጋት» ይሏታል። ልጇ አምስት ደቂቃ ከዘገየች ሆስፒታል የምትደውል ሴት ናት። አሁንም ትምህርት ቤት በሰላም መግባቷን ልትጠይቅ ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም። ድልድዩ አናት ላይ ወጣች፤ የለም። እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ሞከረች፤ የለም።

«አትድከሚ ልጄ» አሏት በራቸው ላይ ጭቃ የሚዝቁ አሮጊት። «የስልክ ማማው ከትናንት ቀትር ጀምሮ ሞቷል። መብራትም ስልክም የለንም። ዛሬስ ውሃው ይመለስ ይሆን? የሚነግረን አጣን እኮ።»

መርማሪዋ ጥያቄውን ይዛ ወደ ሟቹ ቢሮ ወጣች።

ሟቹ የሚሠራበት የአደጋ መከላከያ ቢሮ ዳገቱ ላይ ነው። ግድግዳውን የሞላ ካርታ በስክሪን ይታያል። ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ «ጎርፍ ገባብን» ብሎ በጻፈ ቁጥር፣ በጻፈበት ቦታ ላይ ቀይ ነጥብ ይበራል። ላይኛው ከተማ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። ታች ሰፈር ነጭ ነው፤ አንዲት ነጥብ ብቻ አለችበት።

ትናንት ከሟቹ ጋር የዋሉት ሦስት ናቸው፦ ኃላፊው፣ ከማኅበራዊ ሚዲያ መልእክት የምትለቅመው ወጣት እና ሾፌሩ።

«ያቺን ነጥብ እያት» አለ ኃላፊው። «አሥር ሰዓት ላይ ከታች ሰፈር ‹ድረሱልን› የሚል መልእክት መጣ። ብቻውን ሮጠ፣ ጎርፉ ወሰደው። ምኑ ነው የሚመረመረው?»

«መልእክቱን ማን አየው?»

«ኮምፒውተሩ ነዋ።»

ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሰላት። በመሃል ለልጇ ደወለች። አይነሳም።

የለቃሚዋ ዓይን አብጧል። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣሁ። እስከዚያ ከታች ሰፈር አንድም መልእክት አልመጣም። ኃላፊያችንና ሟቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ነበር። ኃላፊያችን ‹ካልጮኹ ደህና ናቸው› ይላል። እሱ ደግሞ ‹ባትሪው የሞተበት ድሃ በምን ይጩህ? ነጩን ፍሩ› ይል ነበር። ከሳተላይት ፎቶ ላይ ወንዝ ዳር ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ቆጥሮ የራሱን ካርታ ሠራ። ዛሬ ከሰዓት ጎርፉ እንደሚመለስባቸው ያሳያል።»

«የታለ ካርታው?»

«ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዛሬ የለም።»

ሾፌሩ ኮፍያውን እያሻሸ ቆመ። «ቤቴ እዚያው ታች ሰፈር ነው፣ እቴ። ቀትር ላይ ማማው ሲጠፋ ከሚስቴ ጋር እያወራን ነበር። ለአለቃዬ ‹ሚስቴ ታማለች› ብዬ አስፈቅጄ በእግሬ ወረድኩ። እውነቱን፣ ማማው መጥፋቱን፣ የነገርኩት ለልጆቹ ብቻ ነው፤ ለለቃሚዋና ለሟቹ። የመኪናውን ቁልፍ ሁልጊዜ እንደማደርገው ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ስመጣ የመኪናው ወለል ጭቃ በጭቃ ነው።»

«ለአለቃህ እውነቱን ያልነገርከው ለምንድን ነው?»

«ታች ሰፈር ከስጋት ነፃ ነው ብሎ ፈርሟላ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት። በመስኮቱ በኩል ተራራው መጥቆር ጀምሯል። ሦስቱንም ስክሪኑ ሥር ሰበሰበቻቸው፤ አብሯት የመጣው ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«ሟቹ ውሃ ሳይጠጣ ወንዝ ገብቷል። ስለዚህ ሰው ወስዶ ጥሎታል፤ በቢሮው መኪና። ቁልፉን ሁላችሁም ማንሳት ትችሉ ነበር። ነጥቧ ግን ሁላችሁም የምትሠሯት አይደለችም።» ጣቷን ነጩ ላይ አሳረፈች። «ማማው ቀትር ላይ ሞቷል። በአሥር ሰዓት ከታች ሰፈር መልእክት ሊመጣ አይችልም። የውሸት ናት።»

«እና እኔ ነኝ የሠራኋት?» አለ ኃላፊው። «ለቃሚዋ አትችልም?»

«ትችላለች። ግን ማማው መሞቱን ታውቃለች። ሾፌሩም ያውቃል። የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ውሸት አይዋሽም። ከሦስታችሁ የማያውቀው አንድ ነው፤ ዝም ያለ ሰፈር ደህና ነው የሚለው።»

መርማሪዋ ወደ ኃላፊው ዞረች።

«የግድያውን ነገር ኋላ ትነግረኛለህ» አለች፣ እጇን ዘርግታ። «አሁን ካርታውን ስጠኝ። ዝናቡ አንተን አይጠብቅም።»

የኃላፊው ዓይን፣ ሳያስበው፣ ወደ ቦርሳው ሄደ። ሾፌሩ ቀድሞት ከፈተው። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣ።

«ደረጃው ላይ ገፋሁት እንጂ» አለ ኃላፊው፣ «እንዲሞት አልነበረም። ወረቀቱን ይዞ ወደ በላይ አካል ሊሄድ ሲል...»

የሚሰማው ፖሊሱ ብቻ ነበር። ለቃሚዋ ነጩን ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ቀይ እየቀባች ነው። ግን ለማን ይታያል? ታች ሰፈር የሚከፈት ስልክ የለም። የቀራቸው አንድ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ጭቃ የበላው መኪና፣ አንድ ሾፌር ነው። መርማሪዋ ካርታውን ይዛ መኪናው ውስጥ ገባች።

ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ስልኳ ጮኸ። «እማዬ፣ ዘጠኝ ጊዜ ደውለሽልኛል። ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ደህና ነኝ።»

«ስሚኝ ልጄ፣ ዛሬ ማታ ላመሽ እችል...»

ድልድዩ ጋ ተቋረጠ። አሮጊቷ አሁንም ጭቃ እየዛቁ ነው። መርማሪዋ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተች።

«እናቴ» አለች፣ «ውሃው ይመለሳል። አካፋውን ይተዉትና ይነሱ።»